ሳቡ… ያዙ… አሁን ተንፍሱ

የደረት ራጅ አንስቼ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሳንባውን ከማየቴ በፊት፣ ልቡንም ከማየቴ በፊት፣ የጎድን አጥንት እቆጥራለሁ። ከላይ እጀምርና በጀርባ በኩል ያሉትን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እስከ ድያፍራሙ፣ ደረትን ከሆድ እስከሚለየው ጡንቻ፣ እወርዳለሁ። ዘጠኝ ወይም አሥር ከሞላልኝ እፎይ እላለሁ። ታካሚው ትንፋሹን በደንብ ስቧል ማለት ነው። ሰባት ላይ ከቆመብኝ ግን ቅር ይለኛል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ።

ከአንድ ወር በፊት ይህንኑ ቆጠራ ሐረር ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ቆጠርኩት። የትምህርት ክፍላችን ሲምፖዚየም ነበር። አሥር ደቂቃ ማቅረቢያ፣ አምስት ደቂቃ ጥያቄ። ከተመለስኩ ጀምሮ ልጽፈው ልጽፈው ስል ቆይቼ ዛሬ ተቀመጥኩ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ገንደ ቆሬ ነው ያደግኩት። ሥራዬም እዚያው ድሬዳዋ፣ ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። ጥናቴ ተበላሽተው ስለሚደገሙ የደረት ራጆች ነው። ለምን ይበላሻሉ? እነማን ላይ ይበልጥ ይበላሻሉ? ጥያቄው ይኸው ነው። ጥያቄውን የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከገጠር የመጡ፣ ሳል የጠናባቸው እናት ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው አብራቸው ነበረች። ልጅቷን በር ላይ አስቀረኋት። ደንቡ ነው፤ ጨረር ባለበት ክፍል የማያስፈልግ ሰው አይገባም። በሩን ዘጋሁት።

እናትየውን ሰሌዳው ፊት አቆምኳቸው። ደረታቸውን አስጠጋሁ። አገጫቸውን ቀና አደረግኩ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አስያዝኳቸው። የትከሻ አጥንታቸው ሳንባውን እንዳይጋርደው ትከሻቸውን ወደፊት ገፋ አደረግኩ። ጨረሩ የሚወጣበትን ቱቦ 180 ሴንቲ ሜትር ላይ አራቅኩት። ይህ ሁሉ በእጅ የሚስተካከል ነገር ነው። ትንፋሽ ግን በእጅ አይሳብም። ለትንፋሽ ያለን መሣሪያ ቃል ብቻ ነው።

ከመስታወቱ ጀርባ ገባሁና ጮክ ብዬ «ትንፋሽ ሳቢ እናቴ… ያዢ!» አልኳቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አንጠቀምም፤ «አንቺ» ፍቅር ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ሰባት አጥንት። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። ውጪ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ነበር። «ይሁን፣ ይነበባል» ብዬ አሳለፍኩት።

እናትየው አማርኛ አይሰሙም ነበር። ራሳቸውን የነቀነቁት እኔን ለማክበር ነው።

ሰው ትንፋሹን ሳይስብ ሲቀር ድያፍራሙ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ልብ ደግሞ ድያፍራሙ ላይ ነው የሚያርፈው። ከታች ሲገፋ ይጋደማል፤ ወደ ጎን ይሰፋል። የሳንባው የታችኛው ክፍል ይታመቃል፤ የደም ሥሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ምስሉ ላይ ነጣ ያለ ጥላ ይመጣል። ደህና የነበረ ሳንባ ምች የያዘው ይመስላል። ደህና የነበረ ልብ ያበጠ ይመስላል። በአዋቂ የደረት ራጅ ላይ የልብ ስፋት የደረቱን ስፋት ግማሽ ካለፈ ልብ ሰፍቷል ብሎ መጠርጠር የተለመደ ነው። ይህ መለኪያ ታማኝ የሚሆነው ግን ታካሚው በደንብ ከሳበ ብቻ ነው።

ሪፖርቱ «ልብ ሰፋ ያለ ይመስላል፣ የልብ አልትራሳውንድ ይታይ» ብሎ ወጣ። የጻፈው ሐኪም ያየውን ነው የጻፈው። እናትየው ቀጠሮ ተሰጣቸው። ቀጠሮው ሳምንታት ፈጀ። ለመጓጓዣና ለምርመራው ፍየል ሸጡ። ይህን የሰማሁት ኋላ ከልጅ ልጃቸው ነው። ቀኑ ደርሶ ሲታዩ ልባቸው ደህና ነበር።

ሳሉ ስላልለቀቃቸው ተመልሰው እኔው ጋ መጡ። ፊታቸውን አወቅኩት። የቀድሞውን ምስል ከፍቼ አየሁትና ያኔ ገባኝ። ያን ቀን ልጅቷን አስገባኋት፤ ከኔ ጋር ከመስታወቱ ጀርባ ቆመች። «ትንፋሽ ሳቢ፣ ያዢ በያቸው» አልኳት። በኦሮምኛ ጮኸች፦ «አዮ፣ ሃፉራ ፉዸዹ… ቀበዹ!»

ትከሻቸው ከፍ ሲል በመስታወቱ አየሁ። አሥር አጥንት። ልባቸው በቦታው፣ በልኩ ተቀምጧል። ከዚያም በአክታ ምርመራ ቲቢ ተገኘባቸውና መድኃኒት ጀመሩ። የልብ ቀጠሮ ሲጠብቁ ያለፉት ሳምንታት ለሳሉ መሆን የነበረባቸው ሳምንታት ናቸው። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ስለ ድጋሚ ራጅ ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ ወደ ጨረሩ ነው የሚሄደው። የጨረሩን ነገር እንዳለ ልናገር። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው መጠን 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ከአፈሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከሰማዩና ከምንበላው ምግብ በተፈጥሮ የምናገኘው ደግሞ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ስናካፍለው አንድ የደረት ራጅ የሦስት ቀን ያህል የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። በከንቱ ለማንም መስጠት የለብንም። ይህ የሙያችን መሠረት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን መደገም ሲገባው ሳይደገም የታለፈው ነው። ያ ባለ ሰባት አጥንት ምስል፣ ስምና ቁጥር ተለጥፎበት፣ እውነት መስሎ ሐኪም ጋ ሲደርስ።

ጥናቱ የጀመረው በደብተር ነው። ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ፊልም በጨለማ ክፍል በእጃቸው ያጠቡ ሰው ናቸው። ዴቨሎፐር፣ ውሃ፣ ፊክሰር፣ እንደገና ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ። ያኔ የተበላሸ ፊልም በእጅ ይያዝ ነበር። ካርቶን ውስጥ ይጠራቀማል፤ በወሩ መጨረሻ ይቆጠራል፤ ለምን እንደተበላሸ ይጠየቃል። «አሁን አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ታጠፉታላችሁ» ይሉናል። «ስህተታችሁን ራሳችሁ እንኳ ሁለተኛ አታዩትም።» እውነታቸውን ነው። ዲጂታል ማሽን ሲመጣ ድጋሚ ማንሳት ቀለለ። ፊልም አይባክንም፤ ጊዜ አይፈጅም። ስለዚህ ማንም አይቆጥረውም።

የክፍሉን ልጆች ለመንኳቸው። የተበላሸውን አታጥፉት፣ አስቀምጡልኝ አልኳቸው። ደብተሩ ላይ ምክንያቱን ይጽፋሉ። ተነቃንቋል፣ ተቆርጧል፣ ጠቁሯል፣ አልሳበም። አንድ ተጨማሪ ዓምድ አሰመርኩ፦ «ትንፋሽ ሳብ የተባለው በምን ቋንቋ ነው? ታካሚው የሚናገረውስ?» መጀመሪያ ላይ ይህን ዓምድ ብዙዎቹ ባዶ ይተውት ነበር። የክፋት አልነበረም። ጥያቄ ነው ብሎ ያሰበው ሰው ስላልነበረ ነው።

ምስሎቹን ሁለት ሰዎች ለየብቻ አዩዋቸው። ታካሚው በምን ቋንቋ እንደሚናገር አልተነገራቸውም፤ አንዱ የሌላውን ቆጠራ አያይም። አጥንት ብቻ ይቆጥራሉ። ከዚያ መስማማታቸውን በካፓ አሰላን። ካፓ ማለት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችለውን መስማማት ቀንሶ የቀረውን የሚለካ ቁጥር ነው። ያን ማስላት ስማር ራሴን አዞረኝ። ዛሬ ግን ከሁሉ የምወደው የጥናቱ ክፍል እሱ ነው። ሁለት ዓይን ሳይነጋገር አንድ ነገር ሲያይ ደስ ይላል።

ቁጥሮቹ ለኅትመት ስለገቡ እዚህ አልደረድራቸውም። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። ለድጋሚ ትልቁ ምክንያት የታካሚው አቋቋም ነው፤ ይህ በብዙ አገር ጥናቶች የታወቀ ነው። ቀጥሎ የመጣው የትንፋሽ ነገር ነው። ታካሚውና ራጅ አንሺው የጋራ ቋንቋ ከሌላቸው ትንፋሹ በደንብ ሳይሳብ ይቀራል።

ይህ ድሬዳዋ ላይ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። ከተማዋ በባቡር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1902 ስትቆረቆር ጀምሮ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። ከፊራ ገበያ ሂዱ። ሻጯ በሶማሊኛ ተከራክራ፣ በአማርኛ ሂሳብ ሠርታ፣ በኦሮምኛ መርቃ ትሸኛችኋለች። እኔም ልጅ ሆኜ ብይ ስጫወት ሦስቱንም እናገር ነበር። ነጭ ጋውን ስለብስ ሁለቱ የት እንደሚሄዱብኝ አላውቅም። «ሃፉራ ፉዸዹ» ማለትን እኮ አውቀው ነበር! ማንም አልከለከለኝም። ሥራ ቦታ የሚነገረው አማርኛ ነው ብዬ ራሴን በራሴ ዘጋሁ እንጂ።

ወደ ሐረር የወጣሁት ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ሚኒባሱ ደንገጎን ሲያጥፍ የድሬ ሙቀት ከኋላ ቀረ። አወዳይ ላይ የጫቱ ግርግር ትንሽ አቆመን። አክስቴ ቤት አደርኩ። ራት በልተን ስላይዶቼን ለመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው የአንዱን ምስል ጥግ አጎላሁት። ደሜ ቀዘቀዘ። የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር ነጭ በጥቁር ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ስሞቹን አጥፍቻለሁ ብዬ ነበር እኮ። ያጠፋሁት ግን ከዲኮም ፋይሉ፣ ማለትም ራጁ ከሚቀመጥበት የኮምፒውተር ፋይል፣ መረጃ ላይ ነው። ማሽኑ ምስሉ ላይ የሚያትመው ጽሑፍ ግን የምስሉ አካል ይሆናል። የፋይሉን መረጃ ብታጠፉትም እሱ አይጠፋም። ሰው የሚያውቀው ሰው በሚበዛበት ከተማ አዳራሽ ውስጥ፣ በአራት ሜትር ስክሪን ላይ የአንድን ሰው ስም ከነሳንባው ልገትረው ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት እያንዳንዱን ምስል እያጎላሁ ቆረጥኩ። ምስል ይዛችሁ መድረክ የምትወጡ ልጆች፣ እባካችሁ አራቱንም ጥግ እዩ።

ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ተማሪዎች፣ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መምህራን። ብርዱ ለድሬ ሰው ከበድ ይላል፤ ፀሐዩ ግን ደማቅ ነው። በመስኮቱ ገብቶ ስክሪኑን አጠበው። የመጀመሪያው አቅራቢ ራጅ ሲያሳይ ምንም አይታይም። ግራጫ ጨርቅ ነው የሚመስለው። የራጅ መቀበያ ሰሌዳ 4,096 እና ከዚያም በላይ የግራጫ ደረጃ ይይዛል። ተራ ፕሮጀክተር የሚያሳየው 256 ነው። በዚያ ላይ ብርሃን ሲጨመርበት ስስ ጥላ ሁሉ ይጠፋል። ሁለት ተማሪዎች ተነስተው መጋረጃውን ሳቡልን። አንዱ ጥግ ላይ የሚጎድለውን ቦታ በጋቢ ጋረዱት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከኔ በፊት የቀረበው ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነበር። አቅራቢው ወጣት ሐኪም ነው፤ በደንብ ተዘጋጅቷል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ስላደረጉት ስብስብ ነገረን፤ 112,120 የደረት ራጅ፣ ከ30,805 ታካሚዎች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለቲቢ ሲለዩ ኮምፒውተር ራጁን ቢያነብ ይቻላል ማለቱንም አነሳ። ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም ራጅ የሚያነብ ሐኪም፣ በሌለበት ወረዳ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሲያስረዳ አዳራሹ ፀጥ አለ። እኔም ልቤ ተነካ። እነዚያ እናት የመጡበት ቀበሌ ነው የታየኝ።

ችግሩንም አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። የሳንባ ምች እንዲለይ የሠለጠነ ፕሮግራም ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየት ተምሮ ተገኘ። አንዱ ሆስፒታል ምች የሚበዛበት ስለሆነ፣ ሆስፒታሉን ማወቅ ብቻውን ለግምት ያግዘዋል። ሌላ ሆስፒታል ወስደው ሲሞክሩት ብዙ ጊዜ ውጤቱ ወረደ። ማሽን የሰጠኸውን ሁሉ ይማራል፤ የበሽታውን ምልክት ብቻ መርጦ አይማርም። ይህን ሲል ብድግ ብዬ ላቅፈው ነበር የቀረኝ። የኔን ጥናት በር ከፍቶ ነው የሰጠኝ።

ተራዬ ደረሰ።

የመጀመሪያ ስላይዴ የራጅ ጨረርን ያገኘው የሮንትገን ሚስት እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ የተነሳው፣ ቀለበቷ ጣቷ ላይ የሚታየው። ሰው ሁሉ ያንን ምስል ሲያይ ስለ ጨረሩ ነው የሚያወራው። እኔ ስለ ሴትየዋ አወራሁ። እጇን ለደቂቃዎች ሳታነቃንቅ ያቆየች እሷ ናት። አንድ ሰው አትንቀሳቀሺ ብሏታል፤ እሷም ገብቷታል። ዛሬ የደረት ራጅ በሺኛ ሴኮንዶች ይነሳል። ታካሚው የተባለው ካልገባው ግን ያ ፍጥነት ምን ያደርጋል?

ከዚያ ስላይዱን አጠቆርኩትና «ሁላችሁም ብድግ በሉ» አልኩ። ተነሱ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አልኳቸው። አደረጉት። ለአንድ ታካሚ እንደምናገረው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኔፍ ቃዶ… ሃይ!» አልኩ። ሶማሊኛ ነው።

ሶማሊኛ የሚያውቁት ወዲያው ሳቡ። የቀሩት መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጎረቤታቸውን አዩ። አንዳንዶቹ ዘግይተው ሳቡ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ «አንሥቻለሁ» አልኩና ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አወጣኋቸው። ስም የለም፣ ቁጥር የለም። ያው ደረት፣ ያው ልብ። ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ግራው ላይ ሰባት። ቀኙ ላይ አሥር። ማንም አልተቀመጠም ነበር። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሐኪም በእጃቸው የግራውን ልብ ስፋት በአየር ላይ ሲለኩ አየኋቸው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ አለፍኩት። ዘዴው፣ ሠንጠረዡ፣ ካፓው። ሰዓት ያዡ ልጅ ሁለት ደቂቃ ሲያሳየኝ የመጨረሻው ስላይድ ላይ ነበርኩ። ጋሼ የመከሩኝን ነው የጻፍኩት። «ሳብ፣ ያዝ፣ ተንፍስ» በሦስት ቋንቋ ስልክ ላይ ተቀድቶ ከመስታወቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ አስታማሚ አስተርጓሚ ካለ ከመስታወቱ ጀርባ ይግባ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከበደኝ። አንድ የስታቲስቲክስ መምህር ናቸው። «የታመመ ሰው መሳብ ሲያቅተውስ? የጎን ውጋት ያለበት፣ የሚያፍነው? ከገጠር የሚመጣው ደግሞ ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው የሚመጣው። ቋንቋ ነው ወይስ ሕመም፣ በምን ለየሽ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ወር አልለየሁትም ነበር። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ነው ትንፋሽ ማጠርና ውጋት ያለበትን ምልክት ማድረግ የጀመርነው። እንደዚያው ነገርኳቸው። «የመጀመሪያውን ወር አውጥተሽ እንደገና አስልተሽ አምጪልኝ» አሉ። አሁን እየሠራሁት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይህ ራዲዮሎጂ ነው ወይስ የቋንቋ ጥናት?» የሚል ነበር። በቁም ነገር ነው የጠየቁት። ምስሉ ላይ ያለው ጥላ ካልተሰማ ቃል የመጣ ከሆነ ያን ቃል ማን ያጥናው? አልኳቸው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን ያቀረበው ልጅ እጁን አወጣና ለጥያቄ ሳይሆን ለመጨመር ነው አለ። ያልተሳበ ትንፋሽ ማሽኑንም ሊያሳስተው ይችላል፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ራጅ ሁሌ በግማሽ ትንፋሽ ከተነሳ ስህተቱ እነሱ ላይ ይከማቻል አለ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

በሻይ ሰዓት አንዲት ነርስ መጣች። ገጠር ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት የሠራች ናት። «ኦሮምኛሽ ልክ ነው» አለችኝ። «ግን ቃሉ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሰው አይስብም። የሚያስል ሰው በደንብ ከሳበ ሳሉ እንደሚነሳበት ያውቃል፣ ይፈራል። አንድ ጊዜ አብረሽው ሳቢ። ደረትሽን አሳዪው። ከዚያ ግቢና አንሺ።» ጋሼም ሕፃን ሲያነሱ የሚያደርጉት ነገር ትዝ አለኝ። የሚያለቅስ ሕፃን ዝም እንዲል አይታገሉም። ለቀጣዩ ለቅሶ አየር የሚስብባትን ቅጽበት ይጠብቁና ያኔ ይጫናሉ። የሕፃኑ ሳንባ ሞልቶ ይወጣል። ሰውየውን አይተው ነው የሚያነሱት።

ከነርሷ ኋላ ቆማ የነበረች አንዲት የሐረር ልጅ፣ የላቦራቶሪ ተማሪ፣ በትሕትና ጠየቀችኝ። «ጌይ ሲናንስ?»

አንገቴን ደፋሁ። ሐረር መጥቼ፣ ሐረር አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ ስለ ቋንቋ አውርቼ፣ ሐረሪኛን አላመጣሁም። ሐረሪኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ አማርኛም ኦሮምኛም ይችላሉ ብዬ ነው የተውኩት። «አያቴ ሲያማት ሌላው ሁሉ ይጠፋባታል» አለችኝ ልጅቷ። «በጤናዋ አራት ቋንቋ ነው የምትናገረው። ስትታመም ግን በጌይ ሲናን ብቻ ነው የምታቃስተው።»

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ ወጣሁ። ልጅቷ ፈረስ መጋላ ጠበቀችኝ። በጁገል ጠባብ መንገዶች አልፈን ቤታቸው ገባን። «ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ነው፤ ግድግዳው በስፌት ያጌጠ፣ ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ፣ በቀይ ተቀብቶ በምንጣፍ የተሸፈነ። አያትየው ከፍ ያለው ላይ ተቀምጠዋል። ቡና ቀረበ። ልጅቷ ነገሩን አስረዳቻቸው። ብዙ ጥያቄ ጠየቁ። ሰውየው ቆሞ ነው ተቀምጦ? ለወንድ ነው ለሴት? በሽታው ከባድ ነው? ለወንድም ለሴትም እንፈልጋለን አልን። «እንግዲያው ሁለት ጊዜ እላለሁ» አሉ።

ስልኬን አፋቸው አጠገብ ያዝኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና መጀመሪያ ራሳቸው ሳቡ፣ በረጅሙ። ከዚያ ተናገሩት። ልጅቷ በኋላ ስናዳምጠው የመጀመሪያውን ትንፋሽ ልቁረጠው ወይ አለችኝ። ተይው አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሰሙት። ድጋሚ አጫወቱት። ከዚያ ስልኩን ከመስታወቱ አጠገብ፣ ከሦስቱ ቅጂዎች ጎን አስቀመጡትና በሩን ከፍተው ተራ የደረሰውን ታካሚ ጠሩ።